«ብርድ ነው የመታው»፦ የሕፃናት የሳንባ ምች፣ እውነት ወይስ ተረት?

ከፍኖተ ሰላም ወጣ ብሎ፣ ጃቢ ጠህናን ወይም ቡሬ ዙሪያ ባለ ቀበሌ፣ አንድ ሕፃን ሲያስል ሰንብቶ ትንፋሹ ቶሎ ቶሎ ማለት ሲጀምር ምክር የሚሰጥ ሰው አይጠፋም። አንዷ ጎረቤት «ብርድ ነው» ትላለች። ሌላዋ «እንጥሉ ወርዶ ነው» ትላለች። አያት ደግሞ የሰው ዓይን እንዳይሆን ትሰጋለች። ሁሉም ለልጁ አስበው ነው የሚናገሩት። ነገር ግን ምክሩ ከአፍ ወደ አፍ ሲዞር ጊዜው ይሄዳል፤ የሳንባ ምች ደግሞ ጨቅላን በሁለት በሦስት ቀን የሚጥል ሕመም ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እንዳሰላው፣ እ.ኤ.አ. በ2019 ብቻ 740,180 ከአምስት ዓመት በታች ያሉ ሕፃናት በዚህ በሽታ ሞተዋል። በዚያ ዕድሜ ከሞቱት ከ100ው 14 ያህሉ ማለት ነው። በአገራችን በ2008 ዓ.ም. በተደረገው ብሔራዊ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት፣ የዚህ ሕመም ምልክት ከታየባቸው ልጆች ምክር ወይም ሕክምና የተፈለገላቸው አንድ ሦስተኛ ያህሉ ብቻ ነበሩ።

በየቤቱ የሚባሉትን እየያዝን አንድ በአንድ እንያቸው። አንዳንዶቹ ፍጹም ስሕተት ናቸው፤ አንዳንዶቹ ግማሽ እውነት አለባቸው።

«ብርድ ነው የመታው»

ብርድ ብቻውን የሳንባ ምች አያመጣም። በሽታውን የሚያመጡት ባክቴሪያዎችና ቫይረሶች ናቸው። ዋናው ባክቴሪያ ኒሞኮከስ የሚባለው ሲሆን፣ በአብዛኞቹ ጤነኛ ሕፃናት አፍንጫና ጉሮሮ ውስጥ ምንም ሳያደርግ ይኖራል። ጉንፋን ወይም ኩፍኝ የመተንፈሻ ቧንቧውን ሽፋን ሲያቆስልለት ነው ወደ ሳንባ የሚወርደው።

ታዲያ ለምን በክረምት ይበዛል? ዝናቡ ቤተሰቡን ሁሉ አንድ ክፍል ውስጥ ስለሚሰበስበው ነው። በሩ ይዘጋል፣ እሳት ይነዳል፣ የአንዱ ሳል ለሌላው ይተርፋል። ብርዱን የፈራ ሰው ልጁን በጋቢ ጠቅልሎ፣ ፊቱን ሸፍኖ፣ ከምድጃው አጠገብ ያስተኛዋል። ከብርዱ ለማዳን የተደረገው ጥንቃቄ ልጁን ጭሱ መሐል ከተተው ማለት ነው። አዲስ የተወለደ ልጅ መሞቅ አለበት፤ ይህ አያጠያይቅም። በጣም የሚበጀው ግን የእናቱ ገላ ነው፤ ደረቷ ላይ ለጥፋ፣ ከላይ ደርባ፣ ፊቱን ክፍት ትታ።

ከዚሁ ፍርሃት ጋር የሚሄድ ሌላ ልማድ አለ። ሕፃኑ ምች እንዳይመታው፣ የሰው ዓይን እንዳያርፍበት እየተባለ ለወራት ፀሐይ ሳያይ ይከርማል። በዚህ ላይ የእኛው ሐኪሞች የሠሩትን ጥናት ብዙ ሰው ቢያውቀው ደስ ይለኛል። ዶክተር ሉሉ ሙሄና ባልደረቦቻቸው አዲስ አበባ በሚገኘው የኢትዮ ስዊድን የሕፃናት ሆስፒታል የሳንባ ምች ያለባቸውን 500 ሕፃናት ከሌላቸው 500 ጋር አነጻጸሩ። ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ1997 ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት ወጣ። ከታመሙት 210ሩ ሪኬትስ፣ ማለትም በቪታሚን ዲ እጥረት የሚመጣ የአጥንት መልፈስፈስ ነበረባቸው፤ ካልታመሙት ግን 20ዎቹ ብቻ። የጎድን አጥንቱ የለፈሰፈሰ ልጅ ደረቱ አየር ለመሳብ አቅም ያጣል። በሽታ የሚከላከሉ ሴሎችም ቪታሚን ዲ ይፈልጋሉ። ይህን ቪታሚን ደግሞ ቆዳችን ከፀሐይ ይሠራዋል። ፀሐይ በሞላበት አገር ልጅን ከፀሐይ መደበቅ የሚያስከፍለው ዋጋ ይህን ያህል ነው።

«ሰውነቱ አልተኮሰም፤ ደህና ነው»

ከሁሉ በላይ የምፈራው ይህን አባባል ነው።

በሳንባ ውስጥ የአየር ቧንቧዎቹ እየቀጠኑ ሄደው የሚያበቁት በሚሊዮን የሚቆጠሩ ጥቃቅን የአየር ከረጢቶች ላይ ነው። የከረጢቶቹ ግድግዳ እጅግ ስስ ስለሆነ ኦክስጅን ወደ ደም የሚያልፈው በዚያ ነው። ባክቴሪያው እዚያ ሲደርስ መጀመሪያ የሚገጥሙት በከረጢቱ ውስጥ የሚዘዋወሩ ጠባቂ ሴሎች ናቸው። ብቻቸውን ካልቻሉት የድረሱልን መልእክት የሚያደርስ ኬሚካል ይረጫሉ። የደም ሥሮች ይሰፋሉ፤ ነጭ የደም ሴሎች ከደም ወጥተው ወደ ሳንባ ይጎርፋሉ፤ ፈሳሽም አብሯቸው ይገባል። ያው መልእክት አንጎል ሲደርስ የሰውነት ሙቀት ይጨምራል። ትኩሳቱ እንግዲህ ሰውነት እየተዋጋ መሆኑን ይናገራል።

አስቸጋሪው ነገር ውጊያው የሚካሄደው አየር መግባት ባለበት ቦታ መሆኑ ነው። ከረጢቶቹ በፈሳሽና በመግል ሲሞሉ ኦክስጅን ማለፊያ ያጣል፤ ሳንባውም ይደድራል። ልጁ በአንድ ትንፋሽ የሚያገኘው ስላነሰው ትንፋሹን ያበዛል። አልበቃ ሲለው ደግሞ በኃይል ይስባል፤ የጎድን አጥንቱ ገና ለስላሳ ስለሆነ የታችኛው የደረቱ ክፍል ወደ ውስጥ ይሰረጎዳል። እንግዲህ መታየት ያለበት ደረቱ ነው። ግንባሩን በእጅ ዳስሶ «አይተኩስም» ማለት ስለ ሳንባው የሚነግረን ነገር ጥቂት ነው። በምግብ እጥረት ክፉኛ የተጎዳ ልጅማ መከላከያው ስለሚደክም፣ ሳንባው በመግል ተሞልቶም ትኩሳት ላያሳይ ይችላል። እንዲህ ያለው ልጅ ዝም ብሎ ይተኛል፤ ቤተሰቡም «ተሻለው» ይላል።

ጤና ኬላ የሄደ ሰው የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ እንዴት እንደምታይ አስተውሎ ይሆናል። «እታለም፣ ልብሱን ገለጥ አድርጊልኝ። ሲያለቅስ አንቆጥርም፤ ጡት አጥቢውና ጸጥ ይበል» ትላለች። ከዚያ ሰዓቷን ይዛ ዓይኗን ሆዱና ደረቱ ላይ ትተክላለች። ከፍ ብሎ ዝቅ ሲል አንድ፤ ደግሞ ከፍ ብሎ ዝቅ ሲል ሁለት፤ ሙሉ አንድ ደቂቃ። የምትፈልገው ቁጥር በልጁ ዕድሜ ይወሰናል። ሁለት ወር ያልሞላው ከሆነ 60ና ከዚያ በላይ፣ ከሁለት ወር እስከ አንድ ዓመት 50ና ከዚያ በላይ፣ ከአንድ እስከ አምስት ዓመት 40ና ከዚያ በላይ ከሆነ ትንፋሹ ፈጣን ነው። ይህን ማንም እናት፣ ማንም አባት በሞባይል ሰዓት ቤቱ ውስጥ ሊቆጥረው ይችላል። ትንፋሹ ከተባለው ቁጥር ከደረሰ፣ ትኩሳት ይኑር አይኑር፣ ጤና ኬላ ነው መሄድ። ደረቱ የሚሰረጎድ ከሆነም እንዲሁ። ሁለት ወር ያልሞላው ጨቅላ ግን በቀጥታ ወደ ጤና ጣቢያ ወይም ሆስፒታል ይወሰድ።

ጡት መጥባት ወይም መጠጣት ካቃተው፣ የዋጠውን ሁሉ ካስመለሰው፣ ካንቀጠቀጠው፣ ወይም ሲነቃነቅ አልነቃ ካለ ደግሞ ማደር የለበትም። ከ2015 ዓ.ም. ነሐሴ ወዲህ በአማራ ክልል ባለው ግጭት የተነሳ መንገድ የሚዘጋበት፣ አምቡላንስ የማይገኝበት ቀን መኖሩን የአካባቢው ሰው ከእኔ በላይ ያውቀዋል። በማለዳ ያልተወሰደ ልጅ ማታ መውሰጃ ሊታጣለት ይችላል። ስለዚህ ነው ቆጠራውን ሳል እንደጀመረው መጀመር ያለብን።

«እንጥሉ ወርዶ ነው፤ ይቆረጥ»

እንጥል ከሚታመመው ሳንባ ጋር ግንኙነት የለውም። ያስላል ተብሎ እንጥሉ የተቆረጠ ልጅ በታመመ ሳንባው ላይ ደም ይፈሰዋል፤ ባልተቀቀለ ምላጭ ቁስሉ ይመርዛል፤ ጉሮሮው ስለቆሰለ ጡት መሳብ ያቅተዋል። ደሙ ወደ አየር ቧንቧው ሊገባም ይችላል። ግግ ማስወጣትና ደረት መብጣትም ከዚህ አይለዩም። ቆራጩ የተከበሩ ሽማግሌ ሊሆኑ ይችላሉ፤ ክብራቸው እንደተጠበቀ ሆኖ፣ ምላጩ የአየር ከረጢት ውስጥ ያለውን መግል አይደርስበትም።

አራስ ልጅን ቅቤ ማዋጥም ብዙ ቤት አለ። አንጀቱን ያለሰልሳል፣ ድምፁን ያሳምራል ይባላል። ቅባት ግን ትን ሲል ወደ ሳንባ ይገባል፤ ሳንባም ቅባትን ማስወገድ ስለማይችል ራሱን የቻለ የሳንባ ብግነት ያስከትላል። እያለቀሰ ባለ ልጅ አፍ ውስጥ የሚጨመር የፌጦ ወይም የዳማ ከሴ ጭማቂም አደጋው ያው ነው። እስከ ስድስት ወር የእናት ጡት ብቻ ይበቃዋል። ወተቷ ውስጥ እናቲቱ ከዚህ ቀደም ለገጠሟት ጀርሞች የሠራችው መከላከያ አለ፤ የልጁን አፍና ጉሮሮ እየሸፈነ ጀርም እንዳይጣበቅበት ያደርጋል። አንድ ዓመት ለሞላው ልጅ ሳሉን ለማለዘብ በሞቀ ሻይ ማር መስጠት ይቻላል። ከዚያ በታች ላለ ግን የጎጃም ማር ምንም ያህል ቢጣራ አይሰጥም፤ ማር ውስጥ ሊገኝ የሚችል አንድ የባክቴሪያ ዘር በሕፃን አንጀት ውስጥ መርዝ ይሠራል።

«መርፌ ካልተወጋ አይድንም»

ይህ እምነት ሰውን ለአላስፈላጊ ወጪ ይዳርገዋል፤ ቅርብ ያለውንም ጤና ኬላ ያስንቀዋል። ከ2003 ዓ.ም. ጀምሮ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች የሕፃናትን የሳንባ ምች በቀበሌያቸው እንዲያክሙ ሠልጥነዋል። የሚሰጡት አሞክሳሲሊን በማንኪያ ንጹሕ ውኃ ወይም በታለበ የእናት ወተት ውስጥ ወዲያው የሚሟሟ ኪኒን ነው። እ.ኤ.አ. በ2008 በወጣ የፓኪስታን ጥናት፣ ደረታቸው የሚሰረጎድ ከ2,000 በላይ ሕፃናት ግማሾቹ ሆስፒታል ተኝተው በመርፌ፣ ግማሾቹ ቤታቸው ሆነው በሚዋጥ አሞክሳሲሊን ታከሙ። ውጤቱ እኩል ነበር። የዓለም ጤና ድርጅትም እ.ኤ.አ. በ2014 መመሪያውን በዚሁ መንገድ ለወጠ።

መርፌ የሚያስፈልገው ከላይ የተዘረዘሩት የአደጋ ምልክቶች ለታዩበት ልጅ ነው፤ እሱም የመጀመሪያውን ተወግቶ ወደ ሆስፒታል ይላካል። የቀረው ጠዋትና ማታ ለአምስት ቀን መድኃኒቱን ይጨርሳል፤ በሁለተኛው ቀን ተመልሶ ይታያል። በሁለት ቀን ሲጫወት አይቶ የቀረውን ለታናሹ ማስቀመጥ ሁለቱንም ልጆች ይጎዳል። ያልሞተው ባክቴሪያ መድኃኒቱን እየተላመደ ይመለሳል፤ ታናሹም በማይበቃው መጠን ይታከማል። እያንዳንዱ ሳል አንቲባዮቲክ ይፈልጋል ማለትም አይደለም፤ ትንፋሹ ያልፈጠነ፣ ደረቱ ያልተሰረጎደ ጉንፋን በቫይረስ የመጣ ስለሆነ በራሱ ይለቃል።

«ኦክስጅን ከተደረገለት አለቀለት»

ይህ ፍርሃት ከየት እንደመጣ ይገባኛል። ኦክስጅን የሚደረገው በጠና ለታመመ ነው፤ በጠና ከታመሙት ደግሞ አንዳንዶቹ ይሞታሉ። ያየ ሰው ሞቱን ከቱቦው ጋር ያያይዘዋል። በዚህ የተነሳ ቱቦውን ከልጃቸው አፍንጫ የሚነቅሉ፣ ልጃቸውን ይዘው ከሆስፒታል የሚወጡ ወላጆች አሉ።

ልጁን የሚገድለው የኦክስጅን ማነስ ነው። ፐልስ ኦክሲሜትር የሚባለው፣ ጣት ላይ የሚቆነጠጠው ትንሽ መሣሪያ በደም ውስጥ ያለውን ኦክስጅን በመቶኛ ያሳያል፤ ከ90 በታች ከወረደ ኦክስጅን ያስፈልገዋል። በምዕራብ ጎጃም ደግሞ ከፍታው ራሱ መታሰብ አለበት። ፍኖተ ሰላም ወደ 1,900 ሜትር፣ ቡሬ ከ2,000 ሜትር በላይ፣ የደጋ ዳሞት መንደሮች ከዚያም በላይ ናቸው። ወደ ላይ በተወጣ ቁጥር አየሩ ይሳሳል። የደጋ ልጅ ሳንባው ሲታመም የሚቀረው መጠባበቂያ ከቆላው ልጅ ያነሰ ነው።

በጠና የታመመ ሕፃን ትንፋሹን ባወጣ ቁጥር እያቃሰተ ያጉረመርማል። ብዙ ሰው ሕመም ያሰማው ይመስለዋል። ጉሮሮውን በከፊል ዘግቶ አየሩን የሚያቆየው ግን የአየር ከረጢቶቹ ጨርሰው እንዳይጨማደዱበት ነው፤ ትንሽ ሰውነቱ የሚያደርገው የመጨረሻ ትግል ነው። የባንግላዴሹ ሐኪም ሞሐመድ ጆባየር ቺስቲ ይህንኑ በመሣሪያ ሠሩት። ሕፃኑ የሚያስወጣው አየር ውኃ ባለበት ጠርሙስ ውስጥ በተነከረ ቱቦ እየተንቦቀቦቀ ሲወጣ፣ የውኃው ግፊት ከረጢቶቹን ከፍቶ ይይዛቸዋል። ለዚህ ባዶ የሻምፖ ጠርሙስ በቃቸው። እ.ኤ.አ. በ2015 በወጣው ጥናታቸው፣ በተለመደው ዝቅተኛ የኦክስጅን ፍሰት ከታከሙት 15 በመቶ ሲሞቱ በዚህኛው 4 በመቶ ብቻ ሞቱ። ከዚያ በኢትዮጵያ በ12 ሆስፒታሎች ተሞክሮ፣ እ.ኤ.አ. በ2024 በወጣው ውጤት ሕክምናው ያልሠራላቸውና የሞቱት ሕፃናት በግልጽ አንሰው ተገኙ። በሚሊዮኖች የሚገዛ መሣሪያ እስኪመጣ መጠበቅ እንደማያሻ የሚያሳይ ሥራ በመሆኑ፣ በገጠር ሆስፒታሎቻችን በስፋት ገብቶ ማየት እመኛለሁ።

«ክትባቱ ነው ያሳመመው»

ኒሞኮከስ በላዩ የስኳር ሽፋን አለው። የዝናብ ጠብታ በእረኛ ገሳ ላይ ተንሸራቶ እንደሚወርድ፣ የመከላከያ ሴሎችም ሽፋኑን መያዝ ያቅታቸዋል። ትልቅ ሰው ሽፋኑን ለይቶ የሚይዝ መከላከያ ይሠራል። ሁለት ዓመት ያልሞላው ልጅ ግን ይህን ገና አይችልም፤ ሞቱም በዚያ ዕድሜ የሚበዛው በከፊል በዚህ ነው። ክትባቱን የሠሩት ሳይንቲስቶች የስኳሩን ቁራጭ የሕፃን ሰውነት ሊያውቀው ከሚችል ፕሮቲን ጋር አጣበቁት። ሰውነቱ ፕሮቲኑን ሲያውቅ ስኳሩንም አብሮ ይማራል። በዚሁ ዘዴ የተሠራው፣ ሄሞፊለስ የተባለውን ሌላ የሳንባ ምች ባክቴሪያ የሚከላከለው ክትባት ኢትዮጵያ ውስጥ በ1999 ዓ.ም.፣ የኒሞኮከሱ ደግሞ በ2004 ዓ.ም. ተጀመረ። ሁለቱም በ6፣ በ10 እና በ14 ሳምንት ይሰጣሉ። ከተወጋ በኋላ ያለው የአንድ ሁለት ቀን ትኩሳት ሰውነቱ ትምህርቱን እየያዘ መሆኑን ያሳያል። ክትባቱ ሁሉንም የሳንባ ምች አይከላከልም፤ ቫይረሶቹን አይመለከትም። የተከተበ ልጅም ቢያስል ትንፋሹ ይቆጠር።

የኩፍኝ ክትባትም የሳንባ ክትባት ነው ብል አላጋነንኩም። እ.ኤ.አ. በ2019 በወጣ ጥናት፣ ኩፍኝ የያዛቸው ያልተከተቡ ሕፃናት ቀድሞ ከነበራቸው የመከላከያ ትውስታ ከ11 እስከ 73 በመቶ አጥተዋል። ኩፍኝ ከለቀቀው በኋላ ወራት ቆይቶ በሳንባ ምች የሚወድቅ ልጅ ምስጢሩ ይኸው ነው። በ9 ወሩ ከተወጋ በኋላ በ15 ወሩ የሚሰጠው ሁለተኛው በየቤቱ ይረሳል፤ ካርዱን አውጥቶ ማየት ነው።

«እኛም በጭስ ነው ያደግነው»

እውነት ነው፤ አድገናል። ያላደጉት ግን ይህን ለመናገር የሉም። በኩበትና በበቆሎ ቆረቆንዳ እንጀራ ሲጋገር፣ ወይም በበርበሬ አገር በቡሬ በርበሬው ሲታመስ፣ ጀርባ ላይ የታዘለው ልጅ እናቱ የምትስበውን ጭስ ሁሉ ይስባል። ጭስ የመተንፈሻ ቧንቧን የሚጠርጉትን ጥቃቅን ፀጉሮች ያደክማል፤ ጠባቂ ሴሎቹንም ያዳክማል።

የተሻሻለ ምድጃ ብቻውን ይበቃል የሚለው ተስፋ ግን አልተረጋገጠም። በማላዊ ገጠር ከ10,000 በላይ ሕፃናት የተሳተፉበት ትልቅ ሙከራ፣ በሰሜን ምዕራብ ኢትዮጵያ ገጠርም በእንጀራ ምድጃ የተሞከረው፣ በሕፃናቱ የሳንባ ሕመም ላይ ግልጽ ልዩነት አላሳዩም። ምድጃው ጭሱን ቀንሶም የቀረው ለሕፃን ሳንባ ብዙ ነው። የማገዶ ወጪና የእናት ዓይን ሲታሰብ ምድጃው ይጠቅማል። ልጁን ለመጠበቅ ግን ከሁሉ ቀላሉ፣ ሲጋገርና ሲታመስ ከማጀቱ አውጥቶ ለሌላ ሰው ማስያዝ ነው። ይህ የእናት ሥራ ብቻ ተደርጎ መታየት የለበትም፤ አባትም፣ ታላቅ ወንድምም ልጅ ማቀፍ ይችላሉ።

«ሳንባው ተበላሽቷል፤ ከእንግዲህ ሰው አይሆንም»

አብዛኛው ልጅ ጨርሶ ይድናል። መድኃኒቱ ባክቴሪያውን ከገደለ በኋላ ጠባቂ ሴሎቹ የሞተውን ሁሉ ይጠርጋሉ፤ ፈሳሹ ይመጠጣል። የአየር ከረጢቶች ከተወለደ በኋላም ለዓመታት ስለሚጨመሩ የልጅ ሳንባ ከትልቅ ሰው ይልቅ የማገገም ዕድል አለው። ሳሉ ከመድኃኒቱ በኋላ ጥቂት ቀን ቢቆይ አያስደነግጥም። ሁለት ሳምንት ካለፈው ግን ለሳንባ ነቀርሳ ይመርመር።

ይሁን እንጂ አባባሉ ፈጽሞ ባዶ አይደለም። በብሪታንያ እ.ኤ.አ. በ1946 የተወለዱ ሰዎችን ዕድሜ ልካቸውን የተከታተለ ጥናት፣ ሁለት ዓመት ሳይሞላቸው የሳንባ ኢንፌክሽን የያዛቸው በጎልማሳነታቸው በመተንፈሻ አካል በሽታ ያለጊዜያቸው የመሞታቸው ዕድል እጥፍ ያህል መሆኑን አሳይቷል። በተለይ ደጋግሞ የታመመ ልጅ ክትትል ያሻዋል። የታመመም ልጅ ሲሻለው ምግብ ይጨመርለት፤ ቢያንስ ለሁለት ሳምንት በቀን አንድ ጊዜ ተጨማሪ፦ እንቁላል የገባበት ገንፎ፣ ወተት፣ ዘይት ጠብ ያለበት ሽሮ፣ ጡት ለሚጠባው ደግሞ ቶሎ ቶሎ ጡት።